ዲቪ ስትሞሉ፦ በራስ፣ በኢንተርኔት ቤት ወይስ በዘመድ? ነጠላ ሆኖ ወይስ ከትዳር ጋር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ የአክስቴ ልጅ የዲቪ ውጤት ልናይ ቤቴ መጣ። ኪሱ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ነበረች። ኢንተርኔት ቤት አትመው የሰጡት የኮንፈርሜሽን ወረቀት ናት። ቁጥሩን አስገባን፤ አልተመረጠም። ምንም አይደል፣ ለከርሞ ይሁን ብለን ስንነሳ ዱባይ ያለችው እህቱ ደወለች። "የእኔንስ አያችሁት?" አለች። ለካ እሷም በቴሌግራም የላከላትን ፎቶ ይዛ ጥቅምት ላይ ሞልታለት ኖሯል። ቁጥሩን ላከችልን። እሱም አልተመረጠም።

ዕጣው ሳይደርሰው ቀርቶ ይሁን ሁለት ጊዜ በመሞላቱ ወድቆ፣ ማንም ሊነግረን አይችልም። ድረ ገጹ ምክንያት አይሰጥም። የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ሰው ስም በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ማመልከቻ ከገባ ሰውየው ከውድድሩ ይሰረዛል። ቢደርሰው እንኳ ይበላሽበት ነበር። እህቱ ያደረገችው ደግሞ ለወንድሟ ካላት ፍቅር ነው። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ዲቪ መሙላት የሚፈልግ ሰው ሲመጣብኝ ስለ ዕድል አላወራም። ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ እሱን ማንም አይገፋውም። በእጃችን ያሉት ምርጫዎች ግን ብዙ ናቸው። ሰው የሚጎዳውም እነሱ ላይ ነው።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ልበል። ፕሮግራሙ በየጊዜው ይቀያየራል። በፈረንጆቹ 2019 ለመሙላት ፓስፖርት ግድ ነው ተባለ፤ በ2022 ፍርድ ቤት ያንን ደንብ ሻረው። በ2025 ደግሞ ከዚያ በፊት በነጻ የነበረው ምዝገባ 1 ዶላር እንዲከፈልበት ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የአሜሪካ አስተዳደር ፕሮግራሙን ለጊዜው እንደሚያቆም አስታወቀ። ስለዚህ "ዲቪ ተከፍቷል" ያላችሁን ሁሉ አትመኑ። ለማንም አንድ ብር ከመስጠታችሁ በፊት ዲቪ ፕሮግራም ዶት ስቴት ዶት ጎቭ ላይ ገብታችሁ ክፍት መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። አድራሻው መጨረሻው "ጎቭ" ካልሆነ የአሜሪካ መንግሥት ገጽ አይደለም።

ማን ይሙላው?

አራት መንገድ አለ፦ ራሳችሁ፣ ኢንተርኔት ቤት፣ ውጭ ያለ ዘመድ፣ ወይም "ፕሮሰስ እናደርጋለን" የሚል ኤጀንት።

ኤጀንቱን ቶሎ እንለፈው። ዕድል እጨምራለሁ የሚል ኤጀንት ውሸቱን ነው። የሚጨምርበት ቦታ የለም። "ኤምባሲ ውስጥ ሰው አለን" የሚላችሁም እንዲሁ። ዕጣው የሚወጣው አሜሪካ፣ በኮምፒውተር ነው። አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ የሚያገባው ነገር የለም።

ኢንተርኔት ቤት ሌላ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ሥራቸውን ያውቃሉ። ፎቶውን በ600 በ600 ፒክስል ይቆርጡታል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሱላችኋል። ችግሩ ፍጥነታቸው ነው። በጥቅምት መጨረሻ ሰልፉ በር ላይ ሲደርስ የሁሉንም ሰው ማመልከቻ በራሳቸው ኢሜይል ይሞላሉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። የኮንፈርሜሽን ቁጥራችሁ ቢጠፋ ግን ድረ ገጹ ቁጥሩን የሚመልስላችሁ ስማችሁን፣ የልደት ቀናችሁንና የተሞላበትን ኢሜይል ስታስገቡ ነው። ኢሜይሉ የልጁ ከሆነ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ሰው ዲቪ ደርሶት ሳያውቀው፣ ቁጥሩን የያዘው ሰው "ደርሶሃል፣ ግን ይህን ያህል ክፈል" ሲለው ይታያችሁ። ሲብስም "ይህቺን ልጅ እንደ ሚስት ካላስገባህ አልሰጥህም" ይሉታል። እንዲህ ያለ ታሪክ በየሰፈሩ አለ።

ውጭ ያለ ዘመድ ጥሩ ምርጫ ነው፤ በተለይ ክፍያው በኢንተርኔት ስለሆነ ውጭ የሚሠራ ካርድ ለሌለው ሰው። ግን ዘመዱ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ጥቅምት ከመግባቱ በፊት ቤተሰቡ ይነጋገር። "ዘንድሮ የእኔን እገሊት ናት የምትሞላው፣ ሌላ ማንም እንዳይነካው" ብላችሁ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፉት።

የእኔ ምርጫ ግን በራስ መሙላት ነው። ስማርት ስልክ ያለውና ቀላል እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ይችለዋል። ቅጹ የሚጠይቀው ስም፣ ጾታ፣ የልደት ቀን፣ የተወለዱበት ከተማና አገር፣ ፎቶ፣ አድራሻ፣ ኢሜይል፣ የትምህርት ደረጃ፣ የጋብቻ ሁኔታና ልጆች ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ሰፈር ውስጥ አንድ ጎበዝ ተማሪ ጥሩና አጠገቡ ተቀመጡ። ኢንተርኔት ቤት ከሄዳችሁም ተቀምጣችሁ አስሞሉ። ኢሜይሉ የእናንተ ይሁን። ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን መስመር አንብቡ። የኮንፈርሜሽኑ ገጽ ሲመጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱም ይታተምላችሁ።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ የልደት ቀን ነው። ጥቅምት 5 ቀን 1990 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 ቀን 1997 ነው የተወለደው። በችኮላ 1990 ብሎ የሞላ ሰው ራሱን ሰባት ዓመት አስረጅቷል፤ ኢንተርቪው ላይ ፓስፖርቱ ሌላ ይናገራል። ሁለተኛው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ቅጹ ደግሞ አለው። ፓስፖርት ካላችሁ እዚያ ላይ ያለውን በፊደሉ ልክ ገልብጡ። ደንቡ ፓስፖርት ግድ ካላለና ከሌላችሁ የራስን ስም መጀመሪያ፣ የአባትን መሐል፣ የአያትን መጨረሻ አድርጉና በኋላ ፓስፖርት ስታወጡ ያንኑ አጻጻፍ ጠብቁ። ያገባች ሴት የባሏን ስም መጻፍ የለባትም፤ በእኛ አገር ስም በጋብቻ አይቀየርም።

ፎቶውንም በየዓመቱ አዲስ ተነሡ። ካለፉት 6 ወራት ውስጥ የተነሣችሁት መሆን አለበት። የአምናውን ደግሞ ማስገባት ማመልከቻውን ያሰርዘዋል። መነጽር አይፈቀድም። በሃይማኖት ምክንያት ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታደርግ ሴት ማድረግ ትችላለች፤ ፊቷ ግን ሙሉ በሙሉ ይታይ።

ነጠላ ወይስ ባለትዳር?

ከሁሉም ምርጫ በላይ ሰው የሚጎዳበት ይኸኛው ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

ሕጉ ቀላል ነው። ማመልከቻውን በምትልኩበት ቀን ባለትዳር ከሆናችሁ ባለቤታችሁን ትጽፋላችሁ። ከ21 ዓመት በታች የሆኑና ያላገቡ ልጆቻችሁን ሁሉ ትጽፋላችሁ፤ ከሌላ የተወለዱትንም፣ አብረዋችሁ የማይኖሩትንም፣ አሜሪካ መሄድ የማይፈልጉትንም። አንዱን መዝለል ኢንተርቪው ላይ ሁሉንም ያስቀራል። ባለቤቱ ወይም ልጁ አሜሪካዊ ዜጋ ከሆነ ወይም ግሪን ካርድ ካለው ግን ባይጻፍ አያስቀጣም።

ችግሩ ያለው "ባለትዳር" የሚለው ቃል ላይ ነው። ብዙ ሰው ወረዳ ሄዶ ካልፈረመ ያላገባ ይመስለዋል። በፈረንጆቹ 2000 የወጣው የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን በክብር መዝገብ የተፈጸመውን ብቻ ሳይሆን በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመውንም ጋብቻ ያውቃል። ተክሊል አድርጋችሁ፣ ኒካህ አስራችሁ ወይም በሽማግሌ ተጋብታችሁ ከሆነ ባለትዳር ናችሁ። ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አለመሄዳችሁ ያንን አይቀይረውም። ቀለበት ብቻ ያሰረ ሰው ግን ገና አላገባም።

ባለትዳር ከሆናችሁ ደግሞ ነጠላ ሰው የሌለው ጥቅም አላችሁ። ሁለታችሁም መስፈርቱን ካሟላችሁ ባልም ሚስትም የየራሳቸውን ማመልከቻ መላክ ይችላሉ። በየማመልከቻቸው አንዱ ሌላውን ይጽፋል፤ ልጆቹንም ሁለቱም ይጽፋሉ። አንዱ ቢደርሰው ሌላው አብሮ ይሄዳል። በሕጋዊ መንገድ ዕድልን እጥፍ የሚያደርግ ብቸኛው ነገር ይህ ነው። ያለ ኤጀንት፣ ያለ ምንም። ብዙ ባልና ሚስት ግን "እሱ ሞልቷል፣ ይበቃል" ብለው ይተዉታል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ትምህርቱን ካጠናቀቀ ግን የሚሞላው እሱ ነው፤ ተከትሎ ለሚሄደው የትዳር ጓደኛ የትምህርት መስፈርት የለም።

ነጠላ ሆናችሁ ሞልታችሁ ከዚያ ብታገቡስ? ይቻላል። ከላካችሁ በኋላ የተፈጸመ እውነተኛ ጋብቻ ይጨመራል። ነገር ግን ቆንስላው ይመረምራል። ባልና ሚስትን ለየብቻ ሊጠይቅ ይችላል፤ የተዋወቃችሁበትን፣ የሠርጉን ቀን፣ የእናቷን ስም። የሠርግ ፎቶ፣ የቴሌግራም መልእክት፣ የተላከ ገንዘብ ሁሉ ማስረጃ ነው። ከውጤቱ በኋላ ያገቡ ሰዎች ከሌላው ሰው በላይ ተዘጋጅተው ይሂዱ።

አሁን ወደ ወረቀት ጋብቻ እንምጣ። የሚሆነው እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ ዲቪ ይደርሳታል። ገንዘብ የላትም። የኢንተርቪው ክፍያ ለአንድ ሰው 330 ዶላር ነው። ሜዲካል አለ። ከዚያ ቪዛው ሲገኝ የግሪን ካርድ ማሳተሚያ 235 ዶላር አለ፣ የአውሮፕላን ትኬት አለ። አንድ ሰው ይመጣና "ሁሉንም ልክፈልልሽ፣ እንደ ባል አስገቢኝ" ይላታል። ለቤተሰቡ ሁሉ መፍትሔ ይመስላል። እናቷም "ምናለበት ልጄ" ይሏታል።

ምን እንዳለበት ልንገራችሁ። ከተነቃ ቪዛው ለሁለቱም ይከለከላል። መዝገቡ ላይ "አታሏል" ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ደግሞ አሜሪካን ለዕድሜ ልክ ሊዘጋ የሚችል ነገር ነው። በተማሪ ቪዛም፣ በቱሪስትም፣ በኋላ እውነተኛ ባል አግብታ በቤተሰብም ብትሞክር ይኸው መዝገብ ይከተላታል። ሳይነቃ ቢያልፍ እንኳ ከዓመታት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ገንዘቡን ከዘመድ ተበደሩ፣ እቁብ ተቀበሉ፣ ውጭ ያለ የአጎት ልጅ ለምኑ። እኔ እስከማውቀው ድረስ እውነተኛ ዕድል የደረሰው ሰው ዘመድ አዝማዱ ተባብሮ አሳልፎታል። ትንሽ ቢዘገይም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወይስ የሥራ ልምድ?

ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። የ12 ዓመት መደበኛ ትምህርት ማጠናቀቅ፣ ወይም ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ።

ሁለተኛውን ሲሰሙ ብዙዎች "እኔ አሥር ዓመት ሹፌር ነኝ" ይላሉ። አይሆንም። የሚቆጠረው ሥራ ቢያንስ 2 ዓመት ሥልጠና ወይም ልምድ የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ የሚመዘነውም የአሜሪካ ሠራተኛ ሚኒስቴር ኦኔት ኦንላይን በሚባለው ዝርዝር ነው። እዚያ ላይ ሙያው "ጆብ ዞን" 4 ወይም 5 መሆን አለበት። የሒሳብ ባለሙያ ይገባል። ሹፌር፣ ጥበቃ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ሱቅ ሻጭ አይገቡም። እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሙያ ያለው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 12ኛንም ጨርሷል። ስለዚህ ለአብዛኞቻችን መንገዱ የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ነው፤ ትራንስክሪፕትና የብሔራዊ ፈተና ውጤት።

ከ10ኛ ክፍል ወደ ቴክኒክና ሙያ የወጡ ወንድሞችና እህቶች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ሕጉ የሚለው የ12 ዓመት የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነው፤ አቻ የሚባል ሰርተፍኬት አይቀበልም። የቴክኒክ ዲፕሎማ ብቻ ይዞ መሄድ ያሰጋል። በሐሰት የተሠራ ማስረጃ ይዞ መሄድ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት ማታለል ነው። ኤምባሲው ሰነድ ያጣራል።

ከደረሳችሁ በኋላ፦ አዲስ አበባ፣ ያላችሁበት አገር ወይስ አሜሪካ ውስጥ?

ዲቪ ደረሰ ማለት ቪዛ ተገኘ ማለት አይደለም። ለ2025 ፕሮግራም ከ19 ሚሊዮን በላይ ማመልከቻ ገብቶ፣ ቤተሰቦቻቸውን ጨምሮ 131 ሺህ ያህል ሰዎች ተመርጠዋል። በሕግ የተፈቀደው ቪዛ ግን እስከ 55,000 ነው፤ በተግባር ከዚያም ዝቅ ይላል። አንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ አይወስድም። ሁሉም ነገር ደግሞ በፕሮግራሙ ዓመት እስከ ሴፕቴምበር 30 መጠናቀቅ አለበት። ከዚያች ቀን በኋላ ቪዛ የለም። በ2020 በኮሮናና ቪዛን ባገደው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ምክንያት ስንት ሰው ኢንተርቪው ሳይደርስ ዓመቱ አለቀበት።

ስለዚህ የኬዝ ቁጥራችሁን እዩ። "ኤኤፍ" (አፍሪካ ማለት ነው) ከሚለው በኋላ ያለው ቁጥር ትንሽ ከሆነ ቶሎ ትጠራላችሁ፤ ትልቅ ከሆነ ተራው ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል። ተራውን በየወሩ በሚወጣው ቪዛ ቡለቲን ትከታተላላችሁ። እስከዚያው ዲኤስ-260 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ሙሉ፣ ፓስፖርት አውጡ፣ የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት ከወሳኝ ኩነት አዘጋጁ። ቤት አትሽጡ። ሥራ አትልቀቁ። ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ሥራችሁ ላይ ቆዩ።

አገር ቤት ላለ ሰው ምርጫው ቀላል ነው፤ አዲስ አበባ ነው። ሪያድ ወይም ዱባይ በሕጋዊ ኢቃማ የሚሠራ ሰው በዚያው አገር ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ መጠየቅ ይችላል። አገር ቤት ለመሄድ ፈቃድ የሚያስቸግር አሠሪ ላለው ሰው ይህ ይቀላል። ኢቃማው ሊያልቅ የተቃረበ ሰው ግን አዲስ አበባን ይምረጥ። በየትኛውም ቢሄድ፣ ከ16 ዓመቱ በኋላ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖረበት አገር የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። ከአረብ አገር ከመመለሳችሁ በፊት ይህን ማውጣት ብዙ ድካም ያድናል። ከተመለሱ በኋላ ማስመጣት ያደክማል።

አሜሪካ ውስጥ በተማሪነት ወይም በሌላ ሕጋዊ ስታተስ ያለ ሰው ከአገር ሳይወጣ ስታተሱን ወደ ግሪን ካርድ ማስተካከል ይችላል። ቅጹ አይ-485 ይባላል፤ ክፍያው 1,440 ዶላር ነው፣ የዲቪው 330 ዶላር ሳይቆጠር። ከኤምባሲው መንገድ ይወደዳል። ግን ቤቱ፣ ትምህርቱና ሥራው ሳይናጋ ያልፋል። ጊዜው ግን እዚህም ያው ሴፕቴምበር 30 ነው።

ዋሺንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላሉ ወገኖቼ አንድ ነገር በተለይ ማለት እፈልጋለሁ። ጥገኝነት ጠይቆ መጠባበቅ ራሱን የቻለ ስታተስ አይደለም። የመጣችሁበት ቪዛ አልቆ አሳይለም ላይ ብቻ ከሆናችሁ፣ ዲቪ ቢደርሳችሁም አሜሪካ ውስጥ ማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። "እንግዲያው አዲስ አበባ ሄጄ ልጨርስ" ብሎ መውጣት ደግሞ የባሰ ነው፤ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የተቆየበት ጊዜ ካለ የ3 ወይም የ10 ዓመት እገዳ ሊያመጣ ይችላል። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ወደሸሸው አገር መመለሱም ራሱን የቻለ ጥያቄ ያስነሳል። ትኬት ከመቁረጥ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ። ፈቃድ ያለው ጠበቃ፤ ቅጽ የሚሞላ ሰው አይደለም።

ስፖንሰርን በተመለከተ ሰው ይጨነቃል። በቤተሰብ የሚሄድ ሰው አይ-864 የሚባል ገቢን የሚያሳይ ጠንካራ ግዴታ አለበት። ለዲቪ ያ ግዴታ የለም። ቆንስላው ግን "እዚያ ሄደህ በማን ትኖራለህ?" ሊል ይችላልና አይ-134 የሚባለውን የድጋፍ ቅጽ የሚሞላ ዘመድ፣ የባንክ ደብተር ወይም ሙያ ይዞ መገኘት ጥሩ ነው።

ዲቪን ብቻ መጠበቅ ወይስ ሌላም መሞከር?

ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይሻላል። አሜሪካዊ ዜጋ የሆነ ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው በቤተሰብ ፋይል ያስከፍት፤ ረጅም ዓመት ይወስዳል፣ ግን ተራው ሲደርስ ዕጣ የለበትም። ልጅ ያላችሁም ዕድሜውን አስቡ። ዲቪ ላይ ከምዝገባው መጀመሪያ ቀን እስከ ውጤቱ ቀን ያለው ጊዜ ከልጁ ዕድሜ ላይ ይቀነሳል፤ 21 ዓመት ከጥቂት ወር የሆነው ልጅ በዚህ ምክንያት አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ "ልጁ አልፎታል" ብላችሁ ከማስቀረታችሁ በፊት ቀኑን ቁጠሩ።

"የካናዳ ሎተሪ" የሚል መልእክት ቴሌግራም ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ አትክፈሉ። ካናዳ እንደ ዲቪ ያለ ዕጣ የላትም። ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በቋንቋና በሥራ ልምድ ነጥብ የሚወዳደሩበት ነው። "ዲቪ ደርሶሃል" የሚል ኢሜይልም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ መንግሥት አሸናፊን በኢሜይል አያበስርም። ውጤቱ የሚታየው በኮንፈርሜሽን ቁጥራችሁ ያው ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ለኢንተርቪው የሚከፈለው 330 ዶላርም የሚከፈለው ኢንተርቪው ቀን ኤምባሲው ውስጥ ነው። ቀደም ብላችሁ ላኩልን የሚል ማንም ቢኖር ገንዘባችሁን ሊበላ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከዚያ ወዲህ በራሱ ነው የሚሞላው። አዲስ ኢሜይል ከፍቷል፣ የይለፍ ቃሉን እናቱ ደብተር ላይ ጽፏል። እህቱ ከዱባይ ምንም አትሞላለትም። የኮንፈርሜሽኑን ፎቶ ሲልክላት "እሺ፣ አየሁት፣ እኔ አልነካሁም" ብላ ትመልሳለች።